ቲ.ፍላይት ሆታስ ኤክስ ጆይስቲክ፦ የትኛው ድራይቨር? ወደ ግራ ያጋድላል፣ በመሃል ይቋረጣል

የጠባሴ ልጅ (ደብረ ብርሃን)

እንደምን ናችሁ ወገኖች። ያገለገለ ትረስትማስተር ቲ.ፍላይት ሆታስ ኤክስ ላይ እርዳታችሁን እፈልጋለሁ። ካርቶንም፣ ሲዲም፣ መመሪያም አብሮት የለም። ላፕቶፑ ዊንዶውስ 10 ባለ 64 ቢት፣ ራም 8 ጊጋ፣ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ የሌለው ነው። የምጠቀመው ፍላይትጊር የሚባለውን የበረራ ማስመሰያ ጌም ነው። ኢንተርኔቱ የስልክ ሆትስፖት ስለሆነ ብዙ ጊጋ የሚበላ ነገር ማውረድ አልችልም።

ሲሰካ መብራቱ ይበራል፣ ዊንዶውስም ድምፁን ያሰማል። ችግሩ ከዚያ ወዲያ ነው። ዘንጉን ሳልነካው አውሮፕላኑ ወደ ግራ ያጋድላል። ስሮትሉን፣ ማለትም የሞተር ጉልበት መስጫውን፣ ወደፊት ስገፋው ሞተሩ ይቀንሳል፣ ወደኋላ ስስበው ይጨምራል። ዘንጉን ጠምዝዤ ራደር (አፍንጫውን ግራ ቀኝ የሚያዞረውን የጭራ ክንፍ) ስሰጥ አፍንጫው ይንቀጠቀጣል፤ እጄን ባነሳም ቶሎ አይረጋም። በዚህ ላይ በበረራ መሃል ጆይስቲኩ ይቋረጥና በሰከንዶች ውስጥ ተመልሶ ይገናኛል፤ ከተመለሰ በኋላ ማጋደሉ ይብሳል።

ድራይቨር ስፈልግ አሥር ዓይነት ገጽ ይመጣል፤ ግማሾቹ መጀመሪያ «ድራይቨር አፕዴተር» አውርድ ይላሉ። የትኛውን ልጫን? ቅደም ተከተሉስ እንዴት ነው?

ሰላድንጋይ

ከድራይቨሩ ልጀምር፤ ዳታ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነውና። ሆታስ ኤክስ እንዲሠራ ድራይቨር ማውረድ ግዴታ አይደለም። ጆይስቲኩ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገረው ማውስና ኪቦርድ በሚጠቀሙበት በዚያው ኤችአይዲ በሚባለው የዩኤስቢ ደንብ ነው፤ ለዚያ የሚሆነው ድራይቨር ዊንዶውስ ውስጥ ድሮም አለ። መብራቱ በርቶ ድምፁም ከተሰማ ያንተም ተጭኗል። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት ከሌለበት ሌላ ፍለጋ አትግባ። «ድራይቨር አፕዴተር» የሚሏቸውን ደግሞ ጨርሶ አትንካ፤ ለማያስፈልግህ ነገር ዳታህን ይበላሉ፣ ያልጠየቅኸውን ፕሮግራምም ይዘው ይገባሉ።

የአምራቹን ፓኬጅ ብትፈልግ የሚያዋጣው ከራሱ ከትረስትማስተር የድጋፍ ገጽ ሞዴሉን መርጠህ ማውረድ ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉ ይኸውልህ፦ ጆይስቲኩን ንቀል። የቆየ የትረስትማስተር ድራይቨር ካለ ከፕሮግራሞች ዝርዝር አጥፋ። የወረደውን በቀኝ ክሊክ እንደ አድሚኒስትሬተር ክፈት። ጫኚው ራሱ «አሁን ሰካ» እስኪልህ ድረስ ጆይስቲኩን አትሰካ፤ ቀድመህ ከሰካኸው ዊንዶውስ በራሱ ድራይቨር ይይዘውና የአምራቹ ሳይያያዝ ሊቀር ይችላል። ሲያልቅ ሪስታርት አድርግ። ዊንዶውስ 11 ለምትጠቀሙ አንድ ነገር ልጨምር፦ ኮር አይሶሌሽን ውስጥ ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የሚባለው ከበራ አንዳንድ የቆዩ ድራይቨሮችን ያግዳል። እዚህ ከደረሳችሁ ጥበቃውን ከማጥፋት በዊንዶውሱ ድራይቨር መቀጠል ይሻላል።

ሆትስፖት ለሚጠቀም ሰው ሌላም መሰናክል አለ። ግንኙነቱን ሚተርድ (ዳታው የሚቆጠር) ብለህ ከመደብኸው፣ ይህም ዳታ ለመቆጠብ ጥሩ ነው፣ ዊንዶውስ አዲስ ለተሰካ ዕቃ ድራይቨር ከኢንተርኔት አያመጣም። ሴቲንግስ፣ ዲቫይስስ ገብተህ ከታች ያለውን በሚተርድ ግንኙነት ማውረድ የሚፈቅደውን ምልክት ለዚያች ሰዓት አብራና መልሰህ አጥፋ። ለዚህ ጆይስቲክህ ይህ አያስፈልግም፤ ለሌላ ዕቃ ግን ይጠቅምሃል።

አሁን ፍተሻው። ፍላይትጊርን ዝጋ። ጆይስቲኩ ላይ ያለችው ትንሽ ማንሸራተቻ ፒሲ ላይ መሆኗን እይ። ፕሌይስቴሽን 3 ላይ ከሆነች መጀመሪያ ንቀለው፣ አንሸራትት፣ ከዚያ ሰካ። የዊንዶውስ ቁልፍንና አርን አንድ ላይ ተጫን፤ በሚከፈተው ሳጥን በላቲን ፊደል ጄ፣ ኦ፣ ዋይ፣ ነጥብ፣ ሲ፣ ፒ፣ ኤል ብለህ ጽፈህ ኢንተር በል። የጆይስቲኩ ስም ይመጣል፤ ፕሮፐርቲስ ስትለው የመሞከሪያው መስኮት ይከፈታል። ትንሿ መስቀል የዘንጉ ኤክስና ዋይ ናት፤ እጅህ ሳይነካው ሳጥኑ መሃል ቆማ መታየት አለባት። ዜድ ስሮትሉ ነው፣ የዜድ ሮቴሽኑ አሞሌ የዘንጉ መጠምዘዣ ነው፣ ስላይደር የሚለው ስሮትሉ ላይ በጣት የምትገፋዋ መቅዘፊያ ናት።

ይህ መስኮት መለያ ነው። እዚህ የተበላሸ ነገር ከጆይስቲኩ ወይም ከካሊብሬሽኑ (ዊንዶውስ የዘንጉን መሃልና ጫፍ ከመዘገበበት ልክ) ነው፣ ጌም ውስጥ ብትለፋ አይድንም። እዚህ ልክ ሆኖ ጌም ውስጥ ብቻ የሚበላሽ ደግሞ የጌሙ አደላደል ነው። የተገለበጠው ስሮትልህ ከሁለተኛው ወገን ይመስለኛል። መስቀሏ ከመሃል ከራቀች ሴቲንግስ ከሚለው ትር ካሊብሬት አድርግ።

ጣርማበር

ከላይ የተባለው ጥሩ ነው፤ በመጨረሻዋ መስመር ግን አልስማማም። ወደ ካሊብሬት አትቸኩል።

ማጋደሉና መቋረጡ ሁለት ችግር አይደሉም፤ አንዱ ሌላውን እየወለደ ነው። ሆታስ ኤክስ ሲሰካ ዘንጉ ያለበትን ቦታ መሃል ብሎ ይይዛል። የአምራቹ መመሪያ ሲሰካ ዘንጉን አትንኩ የሚለው ለዚህ ነው። ወደ ቀኝ እየታጠፍክ ሳለህ ከተቋረጠና ከተመለሰ፣ ወደ ቀኝ የዘመመውን ቦታ መሃል ያደርገዋል። ስትለቀው ስፕሪንጉ ወደ እውነተኛው መሃል ይመልሰዋል፤ ለኮምፒውተሩ ግን ያ ወደ ግራ መታጠፍ ነው። ከተቋረጠ በኋላ ማጋደሉ የሚብሰው በዚህ ነው። በዚህ የተሳሳተ መሃል ላይ የዊንዶውስን ካሊብሬሽን ብትደርብበት ዛሬ የዳነ ይመስላል፤ ነገ በትክክል ስትሰካው ካሊብሬሽኑ ራሱ ወደ ሌላ ጎን ያዘመዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ በዚያው የሴቲንግስ ትር ሪሴት ቱ ዲፎልት በል። ጆይስቲኩን ንቀል። ዘንጉ በራሱ እንዲቆም፣ መጠምዘዣውም ቀጥ እንዲል እጅህን አንሳ። ሰካ፣ ጥቂት ሰከንድ ጠብቅ፣ ከዚያ ብቻ ንካው። መስቀሏ መሃል ከቆመች ካሊብሬሽን አያስፈልግህም።

ወደ መቋረጡ እንምጣ። ላፕቶፕ ስለሆነ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ዩኤስቢ ሴሌክቲቭ ሰስፔንድ ነው፤ ኃይል ለመቆጠብ ሥራ የፈታ የመሰለውን ፖርት የሚያስተኛው ማለት ነው። ኮንትሮል ፓነል፣ ፓወር ኦፕሽንስ፣ ቼንጅ ፕላን ሴቲንግስ፣ አድቫንስድ፣ ዩኤስቢ ሴቲንግስ ውስጥ ታገኘዋለህ። ሁለት መስመር አለው፦ አንዱ በባትሪ፣ አንዱ በቻርጀር። ሁለቱንም ዲሴብልድ አድርግ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ይዞራል፣ የሚሠራውም የባትሪው መስመር ይሆናል፤ ብዙ ሰው የቻርጀሩን ብቻ አጥፍቶ መብራት በሄደ ቁጥር ለምን እንደሚቋረጥበት ይቸገራል። ቀጥለህ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ዩኤስቢ ሩት ሃብ የሚሉትን አንድ በአንድ ከፍተህ ፓወር ማኔጅመንት ከሚለው ትር ኮምፒውተሩ ዕቃውን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት አንሳ።

ያ ካልበቃ ወደ ሽቦው ሂድ። ጆይስቲኩ የሚሰካው ላፕቶፑ ላይ በቀጥታ ይሁን። የራሱ ቻርጀር የሌለው ሃብ ከአንድ የዩኤስቢ 2.0 ፖርት የሚያገኘው ቢበዛ 500 ሚሊአምፔር ነው፤ ያንን ለማውስ፣ ለፍላሽ፣ ለላፕቶፕ ማቀዝቀዣ ፋን ያከፋፍለዋል፣ ለአንዱ ቀዳዳ የሚደርሰውም 100 ነው። ማራዘሚያ ገመድም ጠቅላላ ርዝመቱ ከ5 ሜትር እንዳይበልጥ። የመሞከሪያውን መስኮት ክፍት አድርገህ የገመዱን ጫፍ በቀስታ ወዲህ ወዲያ በለው፤ አሞሌዎቹ ባሉበት ቀጥ ካሉ ወይም መስኮቱ ከተዘጋ ጥፋቱ የፖርቱ መላላት ወይም የገመዱ መቆረጥ ነው፣ ሴቲንግ አያድነውም።

ስለ መንቀጥቀጡ፦ መጠምዘዣው ውስጥ ያለው ፖቴንሽዮሜትር ነው። በካርቦን መንገድ ላይ የምትንሸራተት ትንሽ ብረት አለች። አቧራ ሲገባ ወይም ካርቦኑ ሲበላ ንባቡ ይዘላል። በመስኮቱ ላይ እጅህ ሳይነካው የዜድ ሮቴሽን አሞሌ ከተርገፈገፈ እሱ ነው። ለዚህ የሚሆነው ኮንታክት ክሊነር ነው፤ የሞባይል ጥገና ቤቶች ይይዙታል። ጆይስቲኩ ተነቅሎ፣ ከዘንጉ ሥር ባለው ክፍተት ትንሽ ነፍተህ መጠምዘዣውን ከጫፍ ጫፍ ደጋግመህ አዙር፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ሰካ። ቲነርና ቤንዚን በፍጹም አይሁን፤ ፕላስቲኩን ያቀልጣሉ። የፋርማሲው 70 በመቶ አልኮልም ውኃ ስላለበት አልመርጠውም። ካርቦኑ ራሱ ከተበላ ግን ማጽዳት ለጊዜው ብቻ ነው።

ሰላድንጋይ

@ጣርማበር ልክ ብለሃል፣ ሪሴቱ ይቅደም። ካሊብሬት የሚያስፈልገው እጅ ሳይነካው ተሰክቶም መስቀሏ ከመሃል ከራቀች፣ ወይም ዘንጉ ጫፍ ሲደርስ መስቀሏ ሳጥኑ ጥግ ካልደረሰች ነው። ያኔም ዘንጉን አራቱንም ጥግ በቀስታ እያስነካህ አዙር፤ በችኮላ ካዞርከው ጫፎቹን አጭር አድርጎ ይመዘግባል።

የጠባሴ ልጅ (ደብረ ብርሃን)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሪሴት አድርጌ እጅ ሳልነካ ስሰካው መስቀሏ መሃል ቆመች፤ ማጋደሉ የለም። የባትሪው መስመር ኢኔብልድ ነበር፣ አጠፋሁት፤ መብራት ጠፍቶም አልተቋረጠም።

የቀሩት፦ ስሮትሉ በመሞከሪያው መስኮት ደህና ነው፣ ፍላይትጊር ውስጥ ግን አሁንም ተገልብጧል። የመጠምዘዣው አሞሌ እንደተባለው ይርገፈገፋል፤ ክሊነር እስካገኝ ምን ላድርግ? ሌላው፣ ዘንጉን ትንሽ ስነካው አፍንጫው በጣም ይዘላል። ደግሞም ከቦሌ በሴስና 172 ስነሳ ስሮትል እስከ መጨረሻ ተገፍቶ አውሮፕላኑ ጉልበት የለውም። ይህም የጆይስቲኩ ጣጣ ይሆን?

አንኮበር ሰማይ

ከመጨረሻው ልነሳ፤ እሱ የጆይስቲክ ችግር አይደለም። ፍላይትጊር የከፍታን ነገር በትክክል ስለሚያሰላ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 7,625 ጫማ፣ ማለትም 2,324 ሜትር ላይ ነው። እዚያ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ቱርቦ የሌለው የ172ፒ (የፍላይትጊሩ ሴስና 172 ዓይነት) ሞተርም ከ160 ፈረስ ጉልበቱ የሚሰጥህ ወደ 120 ገደማ ነው። ሚክስቸሩን (የነዳጅና የአየር ድብልቁን) እስከ ጥግ ሀብታም፣ ማለትም ነዳጅ የበዛበት፣ አድርገህ ከተነሳህ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ነዳጁ ይበዛበታል፣ የቀረውም ጉልበት ይባክናል። የሴስና መመሪያ ከ3,000 ጫማ በላይ ካለ ሜዳ ስትነሳ ፍሬን ይዘህ ስሮትሉን ሙሉ በመግፋት የሞተሩ ዙር ከፍተኛው እስኪደርስ ሚክስቸሩን ቀንስ ይላል። ፍላይትጊር ውስጥ ትንሹ ኤም ይጨምራል፣ ትልቁ ኤም፣ ማለትም ከሺፍት ጋር፣ ይቀንሳል። የዙር መቁጠሪያው ወጥቶ ወጥቶ መውረድ ሲጀምር አንድ ሁለት ጊዜ መልሰህ ጨምርና ልቀቀው። ፍጥነት እስኪያዝ ድረስ ረጅም ሩጫ ጠብቅ፣ አፍንጫውንም ቀድመህ አታንሳ።

ስለዚህ ሚክስቸር ጆይስቲኩ ላይ ቢኖር ጥሩ ነው፤ ግን ስሮትሉ ላይ ያለችውን መቅዘፊያ አትስጠው። እሷ ስትለቃት ወደ መሃል ትመለሳለች፤ ሚክስቸር ደግሞ ባስቀመጡት ቦታ መቆየት አለበት። ሁለት ቁልፎች ስጠው፣ አንዱ ለመጨመር፣ አንዱ ለመቀነስ፣ ተጭነህ ስትይዘው እንዲደጋግም አድርገህ።

መቅዘፊያዋን ለራደር አውላት። የመንቀጥቀጡ መፍትሔ ይኸው ነው፣ ክሊነርም አያስጠብቅህም። የሆታስ ኤክስ ዘንግ መጠምዘዣው የሚቆለፍበት ብሎን አለው፤ በአለን ቁልፍ አጥብቀው፣ ዘንጉ መጠምዘዙን ያቆማል። መቅዘፊያዋ የራሷ የተለየ ፖቴንሽዮሜትር አላት። በመሞከሪያው መስኮት ስትገፋት ስላይደሩ ለብቻው መሄዱን እይ። ጆይስቲኩ ሁለቱን የሚያጣምርበት ሞድም አለው፤ አንድ ላይ ከተንቀሳቀሱ ትረስትማስተር ድጋፍ ገጽ ላይ ባለው መመሪያ መሠረት ነጥላቸው፤ መመሪያው ቀላል ፒዲኤፍ ነው። ከዚያ ፍላይትጊር ውስጥ የመጠምዘዣውን አክሲስ (የእንቅስቃሴ መስመር) ባዶ አድርገህ ራደሩን ለስላይደሩ ስጥ። ባዶ ማድረጉን አትርሳ፤ ያለዚያ የተቆለፈው መጠምዘዣ መርገፍገፉን መላኩን ይቀጥላል።

የተገለበጠው ስሮትል እንዲህ ይስተካከላል። ፍላይትጊር ጆይስቲክን የሚለየው ጆይስቲኩ ራሱ በሚሰጠው ስም ነው፤ ለብዙ የታወቁ ጆይስቲኮች የተዘጋጀ ፋይል አለው። ስሙ ካልገጠመ ለማንኛውም ጆይስቲክ የሚሆነውን ተራ አደላደል ይጭናል፣ ስሮትልም ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ይገለበጣል። ጆይስቲኩን ሰክተህ ፍላይትጊርን ክፈት፤ ከተከፈተ በኋላ የተሰካን ላያየው ይችላል። ፋይል፣ ጆይስቲክ ኮንፊገሬሽን ግባ። ስሮትሉን ስታንቀሳቅሰው ቁጥሩ የሚለዋወጠው የትኛው አክሲስ እንደሆነ አይተህ ያንን ስሮትል አድርገህ ገልብጠው።

ያስተካከልከው አፕዳታ በሚባለው ስውር ፎልደር፣ ሮሚንግ ውስጥ፣ ፍላይትጊር.ኦርግ፣ ኢንፑት፣ ጆይስቲክስ ውስጥ እንደ ኤክስኤምኤል ፋይል ይቀመጣል። ሳትነካው ቅጂውን ፍላሽ ላይ አስቀምጥ፤ ዊንዶውስ ቢፎርማት ሥራህ አይጠፋም። በኖትፓድ ሲከፈት በእያንዳንዱ አክሲስ ሥር ጥቂት መስመሮች ታያለህ፤ የሌሉትን ራስህ ትጨምራለህ። ፋክተር የሚለው ከ1.0 ወደ -1.0 ሲቀየር ኤሌሮንን (ወደ ጎን የሚያጋድለውን) እና ኤሌቬተርን (አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን) ይገለብጣል። ዴድ-ባንድ የሚለው መሃል ላይ ችላ የሚባለው ስፋት ነው፤ ለዘንጉ ከ0.02 እስከ 0.05 ይበቃል። ትልቅ ዴድ-ባንድ መድኃኒት መስሎ ይታያል እንጂ አይደለም፦ ዘንጉ መጀመሪያ ላይ ምንም አይሰጥህም፣ ከዚያ በድንገት ይሰጥሃል፣ ሲያርፉ ደግሞ የሚያስፈልገው ያችው ትንሿ እንቅስቃሴ ናት።

የሚዘለውን አፍንጫ የሚገራው ፓወር የሚለው መስመር ነው። 1.0 ከሆነ ዘንጉን ግማሽ ስትገፋ ኤሌቬተሩ ግማሽ ይሄዳል። 1.5 ስታደርገው ግማሹ 0.35 ይሆናል፣ 2 ስታደርገው 0.25፤ ጫፉ ግን ያው ሙሉ ነው። ለኤሌቬተር 1.5 ጀምርና ካላረካህ ወደ 2 ሂድ። ኤሌሮኑን ከዚያ ያነሰ ስጠው፤ ሁለቱ እኩል መሆን የለባቸውም። ከዘንጉ ራስ ላይ ካሉት ቁልፎች ሁለቱን ለኤሌቬተር ትሪም፣ ማለትም ዘንጉን ሳትይዝ አፍንጫው ባለበት እንዲቆይ ለሚያደርገው፣ ስጥ። ያለ ትሪም የሚበር ሰው ስፕሪንጉን ሲታገል ይውላል፣ እጁ ሲዝል የተንቀጠቀጠውን ሁሉ ጆይስቲኩ ላይ ያሳብባል።

ዳታህን በተመለከተ፣ ፍላይትጊር ሲበሩ መልክዓ ምድሩን ቴራሲንክ በሚባለው የራሱ ማውረጃ እያወረደ ነው የሚሄደው። ሆትስፖት ላይ ያ አይመችም፤ ጥሩ ዋይፋይ ባለበት ቦታ አውርደህ በፍላሽ አምጣው። የሚያስፈልግህ ኢ030ኤን00 የሚባለው ክፍል ነው፤ ቦሌን፣ ደብረ ብርሃንን፣ አንኮበርንና ደብረ ሲናን ይዟል። ከ10 ዲግሪ ሰሜን በላይ ያለው፣ ለምሳሌ መሐል ሜዳ፣ ኢ030ኤን10 ውስጥ ነው። ያኛውን ካልጫንክ ወደ መንዝ ስትበር ምድሩ ያልቅና ባሕር ይሆንብሃል፤ እሱም ብልሽት አይደለም። የማይክሮሶፍቱን የ2020 ፍላይት ሲሙሌተር ለሚያስቡ ዝቅተኛው መስፈርት 150 ጊጋ የዲስክ ቦታና በሰከንድ 5 ሜጋቢት ኢንተርኔት ነው፤ ለዚህ ላፕቶፕም ለሆትስፖትም አልመክረውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የ172ፒ የመጨረሻ ከፍታ 13,000 ጫማ፣ ማለትም 3,960 ሜትር ገደማ ነው። አቡዬ ሜዳ የሚባለው ተራራ 4,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ በላዩ ለማለፍ አትሞክር፣ ዞረህ እለፈው። ከሸዋ ሮቢት ወገን ካለው ቆላ ወደ ጣርማበር አቀበት ስትወጣም ገደሉ ሥር ሳትደርስ ገና ከሩቅ ከፍታህን ያዝ።

ሞላሌ

በዚሁ ልጠይቅ፤ ያለኝ ሎጂቴክ ኤክስትሪም 3ዲ ፕሮ ነው። ይህ ሁሉ ለሱም ይሆናል?

አንኮበር ሰማይ

አብዛኛው ይሆናል። ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ይሠራል፣ የፒሲና የፕሌይስቴሽን ማንሸራተቻም የለውም። የፖርቱ ኃይል ጉዳይ፣ የመሞከሪያው መስኮት፣ የፍላይትጊሩ ፋይል ያው ነው። የሚለየው ያለው አራት አክሲስ ብቻ መሆኑ ነው፦ ዘንጉ ሁለት፣ መጠምዘዣው አንድ፣ መቀመጫው ላይ ያለችው ስሮትል አንድ። መጠምዘዣውን የምትተካ መቅዘፊያ የለም። ስለዚህ የሱ መጠምዘዣ ከተርገፈገፈ ክሊነሩ ይቅደም፤ ካልበቃ ለራደሩ ብቻ ዴድ-ባንዱን ወደ 0.1 ከፍ አድርግ፣ ሌሎቹን አትንካ። ለሚክስቸር መቀመጫው ላይ ካሉት ከ7 እስከ 12 ከተቆጠሩት ቁልፎች ሁለት ጎን ለጎን ያሉትን ምረጥ፤ ግራ እጅህ ስሮትሏን ይዞ ሳለ በአውራ ጣት እንዲደርስባቸው።